አራተኛው ወንበር

ሽፋው አሊጋዝ ሲናገር ቤት ይመታል፤ እኔ አልችልበትም።
ከጊራና በማለዳው አይሱዙ መርሳ ደረሰ፣
የቲማቲም ቅጠል በልጁ ደብተር ገጽ ጠቅልሎ።
ገና ከበሬ ሳይገባ፦

«ሦስቴ ረጨሁት፣ ሦስቴ ሞተ፣ ሦስቴ ደግሞ ተነሳ፤
የወልድያው ሱቅ ወፈረ፣ የኔ ኪስ ነው የሳሳ።»

ቀይ ሸረሪት ይሉታል፤
ሸረሪትም አይደል፣ ቀዩም ጥቂቱ ነው።
ቅጠሉን ገልብጬ ሌንሱን አስጠጋሁ።
ከደም ስሩ ጥግ ሬሳው ተበትኗል፣
ስምንት ስምንት እግር፣ ሁሉም ወደ ላይ።
በሬሳው መሐል ግን
እንደ ብርጭቆ ጨሌ የጠራ፣ ክብ፣ ዝም ያለ
እንቁላል።
መቶ ሃያ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት።
መርዙ የሚሄደውን ገድሏል፤
የሚመጣውን አላገኘውም።

«ለሚመጣውስ የለም?»
አለ፣ አልኩት፤ ግን ነገሩ የወንበር ነው።

ደጅ ወጣን።
አሸዋው ላይ በምስማር ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት ሣልኩ፣
ከጎኑ ሌላ፣
መሐላቸው ድልድይ፣ በሰልፈርና በኦክስጅን የታሰረ።
ይኸውልህ፣ ስድስት ወንበር።
አንደኛው ድልድዩ የገባበት ነው፣ ተይዟል።
ክሎሪን የሚባለው እንግዳ ከቀሩት አንዱን ይመርጣል።
ሁለተኛው ላይ፣ ከድልድዩ ሥር ተወሽቆ ከተቀመጠ
ቀለበቱ ይጣመማል፣
እንቁላሉም ምንም ሳይሰማው በቀኑ ይፈለፈላል።
ሦስተኛው ትንሽ ይሻላል።
አራተኛው ላይ፣ ከበሩ ትይዩ፣ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ግን
ሞለኪዩሉ እንደ ወስፌ ይቀናል፣
ቅርፊቱን አልፎ ይገባል፤
ፅንሱም ባለበት ይቀራል።
ለምን?
እኔም በወጉ አላውቅም። መጽሐፉም «ይመስላል» እያለ ነው የሚሄደው።

«ያው ክሎሪን?» ያው።
«ክብደቱስ?» ቅንጣት አይጨምር።
በፊደል አስበው፣ አልኩት፤
«አለ» ብዬ ብጽፍልህ፣ ተናገረ ነው ወይስ ይኖራል?
ፊደሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ሲጠብቅና ሲላላ።

ሽፋው ቁጢጥ ብሎ አሸዋውን ረጅም ሰዓት አየ።
ከዚያ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ደረቅ ነበር፦

«ወንድሜ አወል ያው ነው እኮ፣ ጡታችን አንድ ነበር፤
ክፉ አይደለም ወላሂ፣ ክፉ ያረገው የውሃ አባትነት ወንበር።»

ዘንድሮ ተራውን ሁለቴ አሳልፎበታል፣
ሁለቴ በሌሊት፣ ለሌላ ማሳ።
እሱን የሚያነሳ ኬሚስትሪ የለኝም።
ጠርሙሱን ሰጠሁት። ጓንት አርግ፣ ከቦዩ ራቅ፣
ነፋስ ሲመጣ ተው።

«የሱን እንቁላል ካመከነ፣ የዶሮዬንስ ምን ያግደዋል?
ቲማቲም ድኖ ቁርስ ቢጠፋ፣ ልጄ በምን ይስቃል?»

ዶሮህን ቆልፍባት፣ አልኩት። ቤት አልመታም።

በስምንተኛው ቀን ጊራና ወረድኩ።
ቦዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የአወል መኪና ዳር ቆማለች።
ምልክት ካደረግሁባቸው መቶ እንቁላሎች
ዘጠና አንዱ እንደታሸጉ ነበሩ፣
ወደ ቢጫ ያደሉ፣
በውስጣቸው ሁለት ቀያይ ነጥብ፣ ዐይን፤
ማየት ጀምሮ መውጣት ያልሆነለት።
ሥራዬ ነው፣ ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ደስም አለኝ።
ግን ሌንሱን ከነዚያ ነጥቦች ላይ ቶሎ አነሳሁ።

የቀሩት ቅርፊታቸው ባዶ ነው፣ እንደ ተቀደደ ላስቲክ።
የት ሄዱ ስል
ሽፋው በአውራ ጣቱ ጥፍር ግንዱን አሳየኝ፦
ገና ስድስት እግር ብቻ ያበቀሉ፣ ከላብ ጠብታ ያነሱ፣
ወደ ለጋው ቅጠል የሚወጡ።
በየትኛው ወንበር በኩል እንዳመለጡ አልጠየቀኝም።

ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ፦ ዘጠኝ አለ።
በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አነበበ።
«ጠብቆ ነው ላልቶ?»
ጠብቆ፣ አልኩት።